ታራሚው ወዴት ይላክ? የማረሚያ ቤት «ሪፈር» እንዴት እንደሚሠራ

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ጠዋት ጠዋት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ችሎት የሚጠብቅ ሰው በርጩማ ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል። አንድ ቤተሰብ ከግቢው ብቅ ሲል ሁሉም ቀና ይላል።

«ስንት ፈረዱበት?»

«ዘጠኝ።»

ከዚያ ጣት መቁጠር ይጀመራል። የዘጠኝ ሁለት ሦስተኛው ስድስት ነው። በጊዜ ቀጠሮ የቆየበት አንድ ዓመት ተኩል ከዚያ ላይ ይነሳል። «እንግዲህ አራት ዓመት ተኩል ነው እናቴ፣ አይዞሽ፣ ያልፋል» ትላለች ባለ ቡናዋ። ስኒውን ሞልታ ታቀብላለች።

ስሌቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን እዚያ በተቀመጥኩባቸው ቀናት «በአራት ዓመት ተኩሉ ውስጥ ምን ያደርጉለታል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ልጁ ሲወጣ ማን ሆኖ እንደሚወጣ በአብዛኛው የሚወሰነው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ በቀላሉ ላስረዳ።

በባለሙያ ቋንቋ ነገሩ «ታራሚዎችን ወደ ማረሚያና ተሃድሶ ፕሮግራሞች መላክና ተሳትፏቸውን መከታተል» ይባላል። አፍ ይሞላል። እኔ ሪፈር ልበለው። ሪፈርን አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ትሄዳላችሁ። ነርሷ ታያችኋለች። ከአቅሟ በላይ ሲሆን ወረቀት ጽፋ ወደ ጥቁር አንበሳ ትልካችኋለች። ወረቀቱ ላይ ሕመሙ፣ የተሰጣችሁ መድኃኒት፣ የተላካችሁበት ምክንያት ይሰፍራል። እዚያ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ሰው ካለ ነገሩ ይሄዳል። ከሌለ ወረቀቱን ይዛችሁ ከመስኮት መስኮት ትዞራላችሁ። ይህ ያልደረሰበት ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም።

ማረሚያ ቤት ውስጥ ያለው ሥራም ይኸው ነው። አንድ ሰው መርምሮ ይልካል፣ ወረቀቱ ምክንያቱን ይናገራል፣ ሌላ ሰው ይቀበላል። የሚላክበት ቦታ የማንበብና መጻፍ ክፍል ሊሆን ይችላል። እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ልብስ ስፌት፣ ሽመና ሊሆን ይችላል። የሱስ ምክር፣ ቁጣን የመቆጣጠር ቡድን፣ ወይም ክሊኒክ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አንድ ነው። ታማሚ ወረቀቱ ቢጠፋበት ተመልሶ ያስጽፋል። ታራሚ ቢጠፋበት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ከዕድሜው ላይ ቆርሶ ነው።

ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። ገበሬ ጤፉን ያርማል። መምህር ፈተና ያርማል። ማረሚያ ቤት ሰው ያርማል። ግሱ አንድ ነው። ጤፍ ያረመ ሰው ያውቀዋል፤ ቡቃያው ለጋ ሳለ አረሙና ጤፉ ይመሳሰላሉ። አጎንብሶ፣ ቀርቦ፣ አንድ በአንድ መለየት ይጠይቃል። በጅምላ የሚነቅል ሰው ሰብሉንም አብሮ ይነቅላል።

ድሮ ስሙ ሌላ ነበር። ከሜክሲኮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ረጅሙ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ ከርቸሌ ነበር። ሕዝቡ ዓለም በቃኝ ይለው ነበር። ሕንፃው ጥር 2004 ሲመረቅ የእስር ቤቱ ግንብ ቀድሞ ፈርሶ ነበር። ዓለም በቃኝ የሚባል በር ውስጥ የገባ ሰው ተመልሶ ይወጣል ተብሎ አይታሰብም። ማረሚያ የሚባል በር ግን ቃል ይገባል። የገባው ይወጣል፣ ሲወጣም ታርሞ ይወጣል ይላል። ያ ቃል እንዲጠበቅ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህኛው ሰው የት ይላክ ብሎ ማሰብ አለበት።

ፍርደኛና ጊዜ ቀጠሮ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለይ። ጊዜ ቀጠሮ ላይ ያለ ሰውና ፍርደኛ አንድ አይደሉም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ ይገመታል። ስለዚህ «ለምን ሰረቅህ?» ብሎ የሚጀምር ቡድን ውስጥ ሊገባ አይገባም። ገና አልተፈረደበትም! እዚያ የተናገረው ነገር ክሱ ላይ ሊመጣበትም ይችላል። ለእሱ የሚሆነው በፈቃዱ የሚገባበት ትምህርት፣ ስፖርት፣ መጽሐፍ፣ ሕክምና ነው። ፍርደኛው ጋ ነው ሪፈር በሙሉ ትርጉሙ የሚጀምረው።

ሦስት ስልክ ነጣቂዎች

ምሳሌ ልስጥ። ሦስት ወጣቶች በአንድ ሳምንት ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ወረፋ ላይ ስልክ ነጥቀው ተያዙ እንበል። ወንጀሉ አንድ ነው። ቅጣቱም ሊቀራረብ ይችላል።

አንደኛው ጠዋት ካልጠጣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስልኩን የሸጠው ለአረቄ ነው። ሁለተኛው መጠጥ አይቀምስም። ግን ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አብረውት የዋሉት ልጆች ሥራቸው ይኸው ነው። አንዱ ይነጥቃል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ያሻሽጣል። እሱ ጋ ስልክ መንጠቅ ነውር ሳይሆን ጉብዝና ነው። ሦስተኛው የቀን ሠራተኛ ነው። ሥራ ካጣ ወር አልፎታል። አከራዩ ዕቃህን አውጥቼ እጥላለሁ ብላዋለች። ከዚያ ቀን በፊት የፖሊስ ጣቢያ ደጅ ረግጦ አያውቅም።

ሦስቱንም በአንድ መዝገብ ጽፎ ልብስ ስፌት መላክ ቀላል ነው። ክፍት ቦታ ያለው ስፌት ጋ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ግን ተመልከቱ።

አንደኛው በመጀመሪያ መላክ ያለበት ክሊኒክ ነው። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ክፉኛ ሊናወጥ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው። ከዚያ የሱስ ምክር ይከተላል። ስፌቱ ሦስተኛ ነው የሚመጣው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መቀሱን ሸጦ ይጠጣበታል።

ሁለተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው። እጁ ብቻ ሳይሆን አስተሳሰቡ ሙያ ይዟል። እሱ የሚያስፈልገው ረጅም የቡድን ሥልጠና ነው። ስልክ የተነጠቀችው ሴት ያን ቀን እንዴት ወደ ቤቷ እንደገባች እንዲያስብ የሚያደርግ፣ ጓደኛ «ና» ሲለው እንዴት እምቢ እንደሚል ደጋግሞ የሚያለማምድ። ማደሪያውም ከድሮ ጓደኞቹ ቢለይ ይሻላል። ቀን ሠልጥኖ ማታ እነሱ ጋ የሚያድር ከሆነ ማታው ያሸንፋል።

ሦስተኛው ብዙ አያስፈልገውም። ምናልባት አጭር የሙያ ሥልጠና፣ ሲወጣ የሚያስጠጋው ሰው፣ ሥራ የሚያፈላልግለት ሰው። እሱን ከሁለተኛው ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ለስድስት ወር ማስቀመጥ ግን ጥፋት ነው። ከአህያ የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አያቶቻችን ነግረውናል።

ይህን ነገር ተመራማሪዎችም አረጋግጠውታል። ዶን አንድሩስና ጄምስ ቦንታ የተባሉ በካናዳ ይሠሩ የነበሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከሮበርት ሆጅ ጋር ሆነው በ1990 እ.ኤ.አ. ሦስት ጥያቄዎችን አስቀመጡ። ዛሬ በብዙ አገር ማረሚያ ቤቶች ውስጥ የሚሠራበት ሐሳብ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ነው የሚል ነው። ድጋሚ ወንጀል የመሥራት ስጋቱ ከፍ ያለው ሰው ብዙ ሰዓት ይሰጠው። ዝቅ ያለው ትንሽ ይበቃዋል። ዝቅተኛ ስጋት ያለውን ሰው ጠንካራ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ብዙም አይጠቅመውም፣ ሊያብስበትም ይችላል። ከሥራው፣ ከቤተሰቡ፣ ከደህና ጓደኞቹ ያርቀዋል፤ ከባሰው ጋር ያስተዋውቀዋል።

ሁለተኛው ምን የሚል ነው። ወንጀሉን ያመጣውን ነገር ፈልግና እሱን አክም። ስምንት ነገሮችን ይቆጥራሉ። ያለፈ የወንጀል ታሪክ፣ ወንጀልን ትክክል የሚያደርግ አስተሳሰብ፣ ችኩልና ቁጡ ባሕርይ፣ ወንጀል የሚሠሩ ጓደኞች፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ትምህርትና ሥራ፣ የትርፍ ጊዜ አዋዋል፣ ሱስ። ከስምንቱ ታሪክ አይለወጥም። የቀሩት ሰባቱ ላይ መሥራት ይቻላል። ሪፈር የሚጻፈው ለእነሱ ነው።

ሦስተኛው እንዴት የሚል ነው። ሰውየው በሚገባው መንገድ አስተምረው። ማንበብ ለማይችል ሰው ሞጁል አትስጠው። አፉን በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ የፈታውን ሰው የልቡን ቁስል በአማርኛ ተናገር አትበለው። ሴቶችን ወንድ የሚመራው ቡድን ውስጥ ስለደረሰባቸው ጥቃት ተናገሩ አትበላቸው። ለእኔ ከሦስቱ በብዛት የሚረሳው ይህኛው ነው። ሰው «አይገባውም» ተብሎ ይባረራል። የማይገባው ትምህርቱ ሳይሆን ቋንቋው ነው።

ስጋቱን ለመመዘን የተዘጋጁ ቅጾች አሉ። ከታወቁት አንዱ 54 ጥያቄዎች አሉት። ቅጽ ጥሩ ነው። ጠያቂው በፊት አይቶ እንዳይፈርድ ይረዳዋል። ግን ሌላ አገር የተሠራ ቅጽ ዝም ብሎ አይገለበጥም። «ቋሚ ሥራ ነበረህ?» የሚለውን ጥያቄ መርካቶ ሸክም ሲሸከም የኖረ ሰው ፊት አስቀምጡት። «የለኝም» ይላል። በቅጹ ነጥብ ይቆጠርበታል። ሰውየው ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ አንድ ቀን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። መዛኙ አገሩን የሚያውቅ፣ ቅጹም በአገሩ የተፈተነ መሆን አለበት።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅር

ጥሩ የሪፈር ደብዳቤ አጭር ነው። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ብሎ የሚያበቃ ግን አጭር ሳይሆን ባዶ ነው። ተቀባዩ ማወቅ ያለበት ሰውየው ለምን እንደተላከ፣ ምን ለውጥ እንደሚጠበቅ፣ ማንበብ መቻሉን፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚግባባ፣ ቅጣቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ ችግር ሲመጣ ለማን እንደሚነገር ነው። ሰውየው ራሱ ሐሳቡ ተጠይቆ እንደሆነም ይጻፍ። ሳይጠየቅ የተላከ ሰው መጀመሪያ ቀን ላይ ፊቱ ይናገራል።

መጻፍ የሌለበትም አለ። የእንጨት ሥራ አሠልጣኙ ታራሚው ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም። ማወቅ የሚያስፈልገው «በየወሩ አንድ ቀን ክሊኒክ ስለሚሄድ ይፈቀድለት» የሚለውን ብቻ ነው። የተፈረደበት ወንጀል ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ልጅ በመድፈር የተፈረደበት ሰው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ቢተው ያን ምሽት ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚከተል ማንም የእስር ቤት ሰው ያውቃል። ምስጢር መጠበቅ የሰው ሕይወት መጠበቅ ነው።

ጊዜም አለ። ስድስት ወር የሚፈጅ ሥልጠና ላይ አራት ወር የቀረው ሰው ይመደባል። ይጀምራል፣ ሳይጨርስ ይወጣል፣ ሰርተፍኬት የለም። ሌላው ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ተፈርዶበት በመጀመሪያው ዓመት ኤሌክትሪክ ሥራ ይማራል። ሲወጣ እጁ ረስቶታል፣ ዕቃውም ተለውጧል። ስለዚህ ወረፋው በመጣበት ቀን ብቻ መሠራት የለበትም። የሚወጣበትም ቀን ይታይ። ለአጭር ፍርደኛ አጭር ነገር ይዘጋጅ። ለረጅም ፍርደኛ መጀመሪያ ፊደል፣ ከዚያ መደበኛ ትምህርት፣ ሙያው ወደ መጨረሻው። ሱስና ጤና ግን ወረፋ አይጠብቁም።

ይህን ነገር ዓለም አቀፉም ደንብ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች 122 ናቸው። ደንብ 94 በቂ ርዝመት ያለው ቅጣት የተፈረደበት ሰው እንደገባ ማንነቱ ተጠንቶ፣ ፍላጎቱና ችሎታው ታይቶ ለእሱ የሚሆን ዕቅድ በተቻለ ፍጥነት ይውጣለት ይላል። ለእሱ የሚሆን የምትለዋን ልብ በሉ። ደንብ 107 ደግሞ ከቅጣቱ መጀመሪያ ጀምሮ ስለ መውጫው ይታሰብ ይላል። ስሙን የተሸከሙት ማንዴላ 27 ዓመት ታስረዋል። ከመታሰራቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በ1962 እ.ኤ.አ. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው። በኮልፌ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

«ቀ» የምትለዋ ፊደል

መላኩ ግማሹ ነው። ግማሹ መከታተል ነው። እዚህ ላይ ያየሁትን ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማረሚያ ቤት በበጎ ፈቃድ ማንበብና መጻፍ አስተምር ነበር። የስም መጥሪያ ደብተር ነበረኝ። ለመጣ ሰረዝ፣ ለቀረ «ቀ»። አንድ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነበር። ከገጠር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ እርሳሱን እንደ መዶሻ እጀታ አጥብቆ የሚይዝ። በሁለተኛው ወር ረድፉ እንዲህ ሆነ፦ ሰረዝ፣ ቀ፣ ሰረዝ፣ ቀ፣ ሰረዝ፣ ቀ። ደንቡ በወር ሦስት ቀን የቀረ ይሰረዛል ይላል። አስተባባሪው መጥቶ ቀይ መስመር አሰመረበት። እኔም ዝም አልኩ።

ከሳምንት በኋላ ግቢ ውስጥ አገኘሁት።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ተውከን?»

«ቲቸር፣ እኔ መች ተውኩ። ማክሰኞ ወጥ ቤት ተረኛ ነኝ። ብቀር ካቦው ይቆጣል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

አቀረቀረ። «ማን ይሰማኛል ብዬ ነው?»

ደብተሬን አውጥቼ አየሁት። «ቀ» የተጻፈባቸው ቀናት ሁሉ ማክሰኞ ናቸው። አንዷም ሐሙስ አይደለችም። ሁሉም ነገር ፊቴ ተጽፎ ነበር። እኔ የቆጠርኩት ፊደሉን እንጂ ቀኑን አይደለም።

ወጥ ቤቱን የሚመራውና ትምህርቱን የሚመራው ሰው ተነጋግረው አያውቁም ነበር። አንደኛው «ሥራ መድቤዋለሁ» ይላል፣ ሌላው «ትምህርት መድቤዋለሁ» ይላል። ልጁ ከሁለት መሃል ተሰነጠቀ። ተረኛነቱን ወደ ረቡዕ ለማዛወር የፈጀው የአምስት ደቂቃ ንግግር ነበር። እሱ ግን እስከ ቀጣዩ ዙር ወራት ጠበቀ።

ከዚያ ወዲህ «ቀ» ጥያቄ እንጂ መልስ አይደለችም እላለሁ። የቀረ ሰው ሰነፍ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ይግባኝ ቀጠሮ ኖሮበትም ሊሆን ይችላል። እናቱ ከሩቅ አገር ስንቅ ይዛ ልትጠይቀው የመጣችበት ቀን ሊሆን ይችላል። የተጣላው ሰው እዚያው ክፍል ተመድቦ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ከልጆች ጋር ፊደል መቁጠር ያፈረ ጎልማሳ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ መፍትሔው ይለያያል። ለአንዱ ሰዓት ማዛወር፣ ለአንዱ ክፍል መቀየር፣ ለአንዱ ትንሽ ማዋራት። ማባረር የመጨረሻው ነው። ሲባረርም ምክንያቱ ይጻፍና ወደ ላከው ባለሙያ ይመለስ። ሪፈሩ መንገድ ላይ መጥፋት የለበትም።

የመጣውም ሰው ቢሆን መምጣቱ ብቻ አይበቃም። «ሃያ ቀን ተገኝቷል» ማለት ግድግዳውን ሃያ ቀን አይቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጥሩ የክትትል ጽሑፍ የታየውን ነገር ይናገራል። «በአራተኛው ሳምንት ሲሰድቡት ተነስቶ ወጣ፤ ድሮ ይደባደብ ነበር።» «ስሙንና የእናቱን ስም ጻፈ።» እንዲህ ያለ አንድ መስመር «መልካም ሥነ ምግባር አሳይቷል» ከሚል ሙሉ ገጽ ይበልጣል።

አመክሮ

አሁን ወደ ባለ ቡናዋ ስሌት እንመለስ። ሁለት ሦስተኛ የሚባለው ከየት መጣ? ከ1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ነው። ታራሚው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ሲፈጽም ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊለቀው ይችላል። ሊለቀው ይችላል ነው የሚለው፣ ይለቀዋል አይልም። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ጣት ቆጥሮ ቀኑን ይጠብቃል። ሕጉ ግን ሌላም ነገር ይጠይቃል። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን በተጨባጭ አሳይቷል ወይ? የቻለውን ያህል ጉዳቱን ክሷል ወይ? ቢለቀቅ በመልካም ጠባይ ይኖራል ብሎ ለመገመት የሚያስችል ነገር አለ ወይ?

ዳኛው ልደታ ተቀምጦ ይህን በምን ያውቃል? ታራሚውን ክፍሉ ድረስ ሄዶ አላየውም። የሚያየው ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ከዚያ የስም መጥሪያ ደብተር ይጀምራል። በስህተት የተጻፈች አንዲት «ቀ» ከዓመታት በኋላ ችሎት ፊት ልትቆም ትችላለች። መዝገብ ያዡ የሰው ነፃነት እጁ ላይ እንዳለ ይወቅ።

ሰዎች ሲናገሩ እሰማለሁ። «እነዚህ እኮ የሚማሩት ለአመክሮ ብለው ነው» ይላሉ። ልክ ነው፣ ብዙዎቹ ለአመክሮ ብለው ይገባሉ። እኔ ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። ስንቶቻችን ነን ኮሌጅ የገባነው ለእውቀት ብቻ ብለን? በአንዱ ምክንያት ገብቶ በሌላ ምክንያት የሚቆይ ሰው ብዙ ነው። የአሠልጣኙ ችሎታ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ስድብና ማስፈራራት አይሠራም። ሰውየው ለምን መለወጥ እንደሚፈልግ በራሱ አፍ እንዲናገር መጠየቅ ይሻላል። «ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው? ስትወጣ ስንት ይሆናታል?» አንዳንዴ ይህ ጥያቄ ብቻ ክፍሉን ጸጥ ያደርገዋል።

ይጠቅማል ወይ ለሚል ሰው ቁጥርም አለ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2013 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ ነበር። እስር ቤት ውስጥ የተማሩ ሰዎች ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ ተመልሰው የመግባት ዕድላቸው በ13 የመቶኛ ነጥብ ያነሰ ነው። ከመቶ ሰው ወደ አሥራ ሦስት የሚጠጋው ሳይመለስ ቀረ እንደ ማለት ነው። ቁጥሩ የአሜሪካ ነው። እኔ ግን አሥራ ሦስት ሰው ስል አሥራ ሦስት እናቶች ይታዩኛል። ስልካቸው ያልተነጠቀ ሰዎችም ይታዩኛል።

በሩ ላይ

የመጨረሻው ሪፈር ወደ እኛ ነው። ሰፈሩ፣ ቤተሰቡ፣ እድሩ፣ ቀጣሪው ተቀባይ ናቸው። ጤና ጣቢያው ጥሩ ጽፎ ሆስፒታሉ በሩን ቢዘጋ ምን ዋጋ አለው?

ብረት መበየድ ተምሮ ሰርተፍኬት ይዞ የወጣ ልጅ ተግባረ እድ አካባቢ ወይም መርካቶ ሥራ ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋስ ነው። ከዚያ የታደሰ መታወቂያ። ከዚያ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት። ሦስቱም የሉትም። ዋስ የሚሆነው አጎቱ ስሙን መስማት አይፈልግም። መታወቂያው እስር ቤት ሳለ ጊዜው አልፏል። ሦስተኛውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የብየዳ ችሎታው ግን እጁ ላይ አለ። ስለዚህ ሪፈር ጻፊው ሙያውን ብቻ ሳይሆን ዋሱንም ቀድሞ ማሰብ አለበት። ከመውጣቱ ወራት በፊት ቤተሰብ ይጠራ። አንድ ቀጣሪ ይለመን። መታወቂያው ይታደስ።

የታሰረ ሰው ያላችሁ ለጥየቃ ስትሄዱ ስንቁን ካቀበላችሁ በኋላ ጥቂት ነገር ጠይቁ። የት ተመደብክ? ማን ላከህ? ለምን እዚያ? ማነው የሚከታተልህ? ቀርተህ ታውቃለህ፣ ለምን? ሰርተፍኬትህ ፋይልህ ውስጥ ገብቷል? ልጁ መልሱን ካላወቀ ማኅበራዊ ሠራተኛውን ወይም የተሃድሶ ክፍሉን በትሕትና ጠይቁ። የሚጠይቅ ቤተሰብ ያለው ሰው ፋይል በቀላሉ አይረሳም።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር፤ የሚወጣበት ቀን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚወጣን ሰው አስቡት። አንድ ፌስታል ልብስና ደብዳቤ ይዟል። ደብዳቤው ወደ ወረዳው ሂድ ይላል። ባቡር ይዞ ልደታ ሲደርስ ቢሮው ተዘግቷል። የሚከፈተው ሰኞ ነው። በዚህ መሃል ያለው ሦስት ሌሊት ነው፣ የሚጠብቁት ደግሞ የድሮ ጓደኞቹ ናቸው። እንግሊዝ ይህን አይታ በ2023 እ.ኤ.አ. ሕግ አወጣች። ዓርብ ወይም ከበዓል በፊት ባለው ቀን የሚወጣ ታራሚ ችግር ላይ የሚወድቅ ከሆነ እስከ ሁለት የሥራ ቀን ቀድሞ እንዲለቀቅ ይፈቅዳል። እኛ ጋ ሕጉን እስክንጠብቅ ድረስ ደብዳቤው ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ስም ጎን የአንድ ሰው ስምና ስልክ ቁጥር መጨመር ይቻላል። ዓርብ ማታ ሲደወልለት የሚያነሳ ሰው።